አንድ የላቲን ቅጽል በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ የሄደበትን መንገድ እንዴት እንከታተላለን? «ሴኩሩስ»ን ይዘን ደረጃ በደረጃ

ጀርመናዊ «ዚኸር»፣ ስዊድናዊ «ሴከር»፣ ጣሊያናዊ «ሲኩሮ»፣ ስፔናዊ «ሴጉሮ»፣ እንግሊዛዊ «ሹር» ይላል። አምስቱም «እርግጠኛ» ለማለት ያገለግላሉ፤ አምስቱም የሚመዘዙት «ሴኩሩስ» ከሚባል አንድ የላቲን ቅጽል ነው። እኛም ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸንን ሰው «ሴኩሪቲ» ስንል የዚሁ ቃል ዘር አፋችን ውስጥ አለ።

የሚከተለው አካሄድ ለሌሎች የላቲን ቅጽሎችም ይሠራል። ላቲን መቻል አይጠበቅባችሁም፤ መዝገበ ቃላት ከፍቶ በትዕግሥት ማንበብ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ብዙ ሰው ምርመራውን ከትርጉም ይጀምራል፤ «ትርጉማቸው አንድ ነው፣ እንግዲያው ዘመድ ናቸው» ይልና ይደመድማል። ትርጉም ግን እንደ ልቡ የሚዞር ነገር ነው። ድምፅ የሚለወጠው በደንብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ድምፅ ነው።

ስለ አጻጻፉም፦ የውጭ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኳቸው ወደ አነባበባቸው አስጠግቼ ነው። የፈረንሳይኛውን «ሱር» ግን ፊደላችን በትክክል አይዘውም፤ ከንፈራችሁን ለ«ኡ» አሞጥሙጣችሁ «ኢ» ለማለት ብትሞክሩ ድምፁ ይወጣል።

ደረጃ 1፦ የላቲኑን መነሻ ቅርጽ ማግኘት

የላቲን መዝገበ ቃላት ቅጽልን የሚያስቀምጠው በሦስት ጾታ ነው፤ ሴኩሩስ ለወንድ፣ ሴኩራ ለሴት፣ ሴኩሩም ለሁለቱም ላልሆነው። ለፍለጋ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ነው። በነጻ የሚገኘውና ለጀማሪ የሚመቸው በ1879 የታተመው የሉዊስና ሾርት መዝገበ ቃላት ነው፤ ፐርሲየስ በተባለው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ሙሉው ይገኛል።

ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች፣ ማለትም ጣሊያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሮማንኛና የመሳሰሉት፣ ቃሎቻቸውን በአብዛኛው የወረሱት ከተሳቢው ቅርጽ (በአማርኛ «ን» ከምንጨምርበት) ነው። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ «ሴኩሩስ» ብቻ ሳይሆን «ሴኩሩም» ብላችሁም ጻፉ፤ የወንዱ ተሳቢ መልኩ ከሦስተኛው ጾታ ጋር አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» በሮማውያን አነጋገር ገና ድሮ ጠፍታ ነበር። «ሴኩሩ» የምትለዋን ይዛችሁ «ሴጉሮ»ን ስታዩ ርቀቱ ትንሽ መሆኑ ይገባችኋል።

ደረጃ 2፦ ቃሉን መፍታት

«ሴኩሩስ» ሁለት ክፍል አለው። «ሴ» መለየትን፣ መራቅን ወይም አለመኖርን ያሳያል፤ «ሴፓራሬ» (መለየት) እና «ሴዱኬሬ» (ነጥሎ መውሰድ፣ ከዚያም ማሳት) የሚሉት ግሶች መነሻ ላይ ያለው ይኸው ነው። «ኩራ» ደግሞ ሐሳብ፣ ጭንቀት፣ እንክብካቤ፣ ሕክምና ማለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የካህኑን ኃላፊነት «የነፍሳት ኩራ» ትለዋለች፤ ስፓኒሽ ቄስን «ኩራ»፣ ፈረንሳይኛ «ኩሬ» የሚለው ከዚያ ነው። የእኛ «የነፍስ አባት» የሚለው አጠራር ከዚህ ሐሳብ አይርቅም።

እንግዲህ «ሴኩሩስ» ቃል በቃል «ከሐሳብ የራቀ» ነው። በአማርኛ የሚቀርበው «ሐሳብ የለሽ» ይመስለኛል፤ ምክንያቱም «ሐሳብ የለሽ» እንደ ላቲኑ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ልቡ ያረፈ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ማሰብ ሲገባው የማያስብ፣ ግድ የለሽ። የላቲን ጸሐፍትም ቃሉን በሁለቱም ይጠቀሙበታል፤ አንዱ ቦታ ምስጋና፣ ሌላው ቦታ ነቀፋ ነው።

ሁለቱን ፊቶች ካልያዛችሁ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ያደናግራል። ስለዚህ እዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ ቆይታችሁ ምሳሌ ሰብስቡ። ጥቂቶቹን ላካፍል።

የሮም ነገሥታት «ሴኩሪታስ»ን እንደ አምላክ አድርገው በሳንቲማቸው ላይ ይቀርጿት ነበር፤ ብዙ ጊዜ በዓምድ ላይ ክንዷን አስደግፋ ዘና ያለች ሴት ሆና ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ69 የነገሠው ኦቶ ያሠራው ሳንቲም «የሮም ሕዝብ ሴኩሪታስ» የሚል ጽሑፍ አለው። ኦቶ በዙፋን ላይ የቆየው ሦስት ወር ነው፤ በጦርነት ሲሸነፍ ራሱን ገደለ። የሳንቲም ጽሑፍ ያለውን ነገር ሳይሆን የሚፈለገውን ነገር እንደሚያውጅ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ነቀፋው ፊት ደግሞ በክርስትናው ዘመን ጎላ። ማርቲን ሉተር «ሴኩሪታስ»ን የሚጠራው እንደ አደጋ ነው፤ ለእሱ ይህ እግዚአብሔርን ሳይፈሩ ተዝናንቶ መቀመጥ ነው። ለእምነት እርግጠኝነት የሚጠቀመው «ኬርቲቱዶ» የሚለውን ሌላ ቃል ነው። በሼክስፒር ማክቤዝ ውስጥም የጠንቋዮቹ አለቃ ሄካቴ «ሴኩሪቲ» የሰው ልጅ ዋና ጠላት ነው ትላለች። ያንን መስመር በዛሬው የቃሉ ትርጉም የሚያነብ ሰው ግራ ይጋባል፤ እዚያ ያለው ትርጉም ከልክ ያለፈ መዘናጋት ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ሴኩሪቲ ካውንስል «የጸጥታው ምክር ቤት» ብለን ተርጉመነዋል። «ጸጥታ» የሚለው ምርጫ፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ ወደ ጥንቱ የላቲን የልብ ዕረፍት ይጠጋል።

ደረጃ 3፦ የወረሱትንና የተዋሱትን በድምፅ መለየት

ሥራው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቋንቋ የላቲን ቃል የሚኖረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውርስ ነው፤ ቃሉ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ከእናት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ሲነገር ኖሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ተለውጧል። ሁለተኛው ውሰት ነው፤ ቃሉ ኋላ ላይ ከመጽሐፍ ወይም ከጎረቤት መጥቷል። የተወረሰ ቃል የቋንቋውን የድምፅ ለውጦች ሁሉ አልፎ የመጣ ነው፤ የተዋሰ ቃል ግን ከመግባቱ በፊት የነበረውን ለውጥ አምልጧል።

ለመለየት አንድ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ጓደኛ ይፈለግለታል። «ሴኩሩም» በሁለት አናባቢ መካከል «ክ» አለችው። እንደሱ ያለ ሌላ የታወቀ ቃል እንውሰድ፤ «አሚኩም»፣ ወዳጅ።

ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ፦ አሚኩም «አሚጎ» ሆነ፤ ሴኩሩም «ሴጉሮ»።
ጣሊያንኛ፦ አሚኩም «አሚኮ»፤ ሴኩሩም «ሲኩሮ»።
ፈረንሳይኛ፦ አሚኩም «አሚ»፤ ሴኩሩም «ሱር»።

ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ስፓኒሽ «ክ»ን ወደ «ግ» አላልቷል፤ ጣሊያንኛ ጠብቋል፤ ፈረንሳይኛ ጨርሶ ውጧታል። ቅጽላችን በሦስቱም ቋንቋ ከጓደኛው ጋር አንድ ዓይነት ዕጣ ስለ ደረሰው የተወረሰ ነው ማለት እንችላለን። አናባቢውም ይፈተሽ፤ ጣሊያንኛ «ሴ»ን ለምን «ሲ» አደረገ? ጭነት ከሚያርፍበት (ጎልቶ ከሚነበበው) ክፍለ ቃል በፊት ያለ «ኤ» በጣሊያንኛ ብዙ ጊዜ «ኢ» ይሆናል፤ «ሴኒዮሬም» የሚለው «ሲኞሬ»፣ «ሜሊዮሬም» የሚለው «ሚልዮሬ» ሆኗል።

የፈረንሳይኛው «ሱር» ከሁሉም በላይ የተሸረሸረ ነው። «ክ» ስትወድቅ ሁለት አናባቢዎች ጎን ለጎን ቀሩና በድሮው ፈረንሳይኛ «ሰ-ኡር» ተብሎ በሁለት ክፍለ ቃል ይነበብ ነበር። ኋላ አንድ ሆነ። በጽሑፍ ላይ የምታዩት ከአናባቢው በላይ የተደፋ የጎጆ ክዳን የመሰለ ምልክት የዚያ የጠፋ አናባቢ ማስታወሻ ነው፤ «ላይ» ከሚለው ሌላ «ሱር» ለመለየትም ያገለግላል። «ሙር» (የበሰለ) የሚለውም ከ«ማቱሩም» በዚሁ መንገድ መጥቶ ያንኑ ምልክት ይዟል። በፈረንሳይኛ ይህን ምልክት ባያችሁ ቁጥር «እዚህ ምን ወድቋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልስ አለው።

ፈረንሳይኛ «ሴኩሪቴ» የሚልም አለው። «ክ» አልወደቀችም። ይህ እንግዲህ የተማሩ ሰዎች ከላቲን መጽሐፍ ያመጡት ውሰት ነው፤ የተወረሰው ወንድሙ «ሱርቴ» ነው። ከአንድ የላቲን ቃል አንዱ በውርስ አንዱ በውሰት የመጡ ጥንዶችን ስታገኙ ለይታችሁ መዝግቡ፤ ትርጉማቸው ብዙ ጊዜ ይለያያልና።

አሁን ሮማንኛን እንይ። «ሲጉር» ይላል፤ ላዩን ሲያዩት የስፓኒሹ ወንድም ይመስላል። ነገር ግን ሮማንኛ እንዲህ ያለችውን «ክ» አያላላም፤ «ፎኩም» (እሳት) «ፎክ»፣ «ላኩም» (ሐይቅ) «ላክ» ነው የሆኑት። ውርስ ቢሆን ኖሮ «ሲኩር» እንጂ «ሲጉር» አንጠብቅም። ያቺ «ግ» እንግዳ ናት። መዝገበ ቃላቱ ሲከፈት ጥርጣሬው ይረጋገጣል፤ ቃሉ የመጣው ከግሪክኛው «ሲጉሮስ» ነው። ግሪክኛ ደግሞ ከቬኒስ ሰዎች ወስዶታል፤ የቬኒስ አነጋገር እንደ ስፓኒሽ «ክ»ን ወደ «ግ» ያላላል፣ ወዳጅንም «አሚጎ» ይላል። ቬኒስ ቀርጤስን እስከ 1669 ድረስ ይዛ ስለነበር የቬኒስ ቃል በግሪክኛ ውስጥ መገኘቱ አያስገርምም። ቡልጋርኛው «ሲጉረን»ና ሰርብኛው «ሲጉራን» የዚሁ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ንግድ ቅሪት ናቸው፤ የቱርክኛው «ሲጎርታ» (ኢንሹራንስ) እንዲሁ። የሩቅ ዘመዳችን የሆነው ሴማዊው ማልትኛም «እርግጠኛ» ለማለት «ዝጉር» ይላል፤ እሱ የወሰደው ከሲሲሊና ከጣሊያን በኩል ነው።

ደረጃ 4፦ ላቲን ያልወለዳቸው ቋንቋዎች መቼ እንደ ተዋሱ ማወቅ

ጀርመንኛ፣ ደችና እንግሊዝኛ የላቲን ልጆች ስላልሆኑ «ሴኩሩስ» እነሱ ዘንድ ሁልጊዜ ውሰት ነው። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ብቻ ነው። እዚህም ድምፅ የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ በደቡብ ጀርመን አካባቢ ከአናባቢ በኋላ የምትመጣ «ክ» ወደ «ኸ» ተለወጠች። ደች «ማከን» (መሥራት) ሲል ጀርመንኛ «ማኸን» የሚለው ለዚህ ነው፤ መጽሐፍም በደች «ቡክ»፣ በጀርመንኛ «ቡኽ» ነው። አሁን ደቹን «ዜከር» ከጀርመንኛው «ዚኸር» ጋር አስተያዩ። ያው ልዩነት ነው። ስለዚህ ቃሉ ጀርመኖች ዘንድ የደረሰው ከዚያ ለውጥ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ኖሮ «ክ»ው ሳይነካ ይቀር ነበር። ጭነቱም ከመካከለኛው ክፍለ ቃል ወደ መጀመሪያው መሸጋገሩ ቃሉ ጨርሶ ጀርመናዊ መሆኑን ያሳያል።

ስዊድንኛው «ሴከር»፣ የዴንማርክና የኖርዌይ «ሲከር» በመካከለኛው ዘመን ከሰሜን ጀርመን የሄዱ ናቸው። የሉቤክ ነጋዴዎች ባልቲክን ሲቆጣጠሩ ቋንቋቸው ከዕቃቸው ጋር ተጫነ።

እንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ነው የተዋሰው። መጀመሪያ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሲኮር» ነበር፤ ይህ ከጀርመንኛው ጋር የሚሄደው ጥንታዊ ውሰት ነው። ኋላ ኖርማኖች ባመጡት ፈረንሳይኛ በኩል በ14ኛው መቶ ዘመን አካባቢ «ሹር» ገባና ቦታውን ወሰደ። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ምሁራን በቀጥታ ከላቲን «ሲኪዩር»ን አመጡ። የመጀመሪያው በስኮትላንድ አነጋገር «ሲከር» ሆኖ ተርፏል። የከርክፓትሪክ ጎሳ መፈክር «አይ ማክ ሲከር»፣ «እኔ አረጋግጠዋለሁ» ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ኋላ የስኮትላንድ ንጉሥ የሆነው ሮበርት ብሩስ በ1306 በደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን ወግቶ ሲወጣ «ሳይሞት አልቀረም ይሆን?» ቢል ከርክፓትሪክ ይህንኑ ብሎ ሊጨርሰው ገባ። ወግተው የጀመሩትን ማረጋገጥ መሆኑ ነው፤ «ከሐሳብ የራቀ» የሚለው ትርጉም እዚህ የት እንደ ደረሰ ልብ በሉ።

ደረጃ 5፦ ትርጉሙን በየቋንቋው በዐረፍተ ነገር መፈተሽ

የቃላት ዝርዝር ብቻ አይታችሁ «ሁሉም እርግጠኛ ማለት ነው» አትበሉ። ለየቋንቋው እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦ «እርግጠኛ ነኝ» በዚህ ቃል ይባላል? «ቦታው ሰላም ነው፣ አደጋ የለውም» ይባላልን? ኢንሹራንስ ከዚሁ ይወጣል? የኤሌክትሪክ ፊውዝስ?

ጀርመንኛና ስዊድንኛ ለአራቱም «አዎ» ይላሉ። ፊውዝ በጀርመንኛ «ዚኸሩንግ»፣ በስዊድንኛ «ሴክሪንግ» ነው፤ ኢንሹራንስ «ፈርዚኸሩንግ» እና «ፈርሴክሪንግ»። ስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሚያውቋቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ «ፈርሴክሪንግስካሳን» (የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) መካከሉ ላይ ይህንኑ ቅጽል ይዟል። ቱርክኛው «ሲጎርታ»ም ኢንሹራንስም ፊውዝም ነው።

ደች ግን ይለያል። «ዜከር» እርግጠኛ ነው እንጂ ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ ለዚያ «ፌይለኽ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ሆላንድ ውስጥ «መንገዱ ዜከር ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን የሚረዳለት አያገኝም። ይባስ ብሎ «ዜከር» በንግግር መሐል «መሰለኝ» ወደሚለው ይወርዳል፤ «ደክሞዎታል ዜከር» ማለት «ደክሞዎት መሆን አለበት» ነው። ፈረንሳይኛው «ሱርማ»ም እንዲሁ ነው፤ «ሱርማ ይመጣል» ያለ ሰው የምሩን አላረጋገጠላችሁም፣ «ሳይመጣ አይቀርም» ነው ያለው። እርግጠኝነትን የሚያሳዩ ቃላት በአፍ ሲበዙ ክብደታቸው ይቀንሳል፤ «በእርግጥ» የሚለውን በአማርኛ ስንት ጊዜ ለጥርጣሬ መግቢያ እንደምናደርገው አስቡ።

ስፓኒሽ ልዩነቱን በግሱ ይጠብቃል። «ኤስቶይ ሴጉሮ» ካለ ሰውየው እርግጠኛ ነው፤ «ኤስ ሴጉሮ» ካለ ነገሩ አያሰጋም ወይም አይቀሬ ነው። ስም ሲሆን ደግሞ «ሴጉሮ» ኢንሹራንስ ነው። ፖርቱጋልኛ ያንኑ ቃል ለደኅንነትና ለኢንሹራንስ ይዞ፣ «እርግጠኛ ነኝ» ለማለት ግን «ቴኞ ሴርቴዛ» ማለትን ይመርጣል። ጎረቤት ናቸው ብላችሁ አንዱን በሌላው አትገምቱ።

ደረጃ 6፦ ዘመድ መሳዮችን ማባረር

ስፓኒሽ «ሴጉር» የሚል የቆየ ቃል አለው፤ መጥረቢያ ማለት ነው። ከ«ሴጉሮ» የሚለየው በአንድ አናባቢ ቢሆንም የመጣው ከ«ሴኩሪስ»፣ እሱም መቁረጥን ከሚያሳየው «ሴካሬ» ነው። ጣሊያንኛው «ስኩሬ»ም መጥረቢያ ነው። የጀርመንኛው «ዚኸል» (ማጭድ) ከ«ዚኸር» አጠገብ ቢቀመጥም ወገኑ ከመቁረጡ ነው። «ሴጊር» (መከተል) ደግሞ ከሌላ ግስ የመጣ ነው።

ከሁሉም የሚያታልለው የእንግሊዝኛው «ኬር» ነው። ትርጉሙ እንክብካቤና ሐሳብ ስለሆነ ከ«ኩራ» የመጣ ይመስላል። አይደለም፤ ጥንተ ትርጉሙ ሐዘን የሆነ ጀርመናዊ ቃል ነው። የ«ኩራ» እውነተኛ ልጆች «ኪዩር» (ፈውስ) እና «ኪዩሪየስ» (በጣም የሚያስብ፣ ከዚያም ለማወቅ የሚጓጓ) ናቸው። በራሳችን ቋንቋም «ስጉ» እና «ሴጉሮ» ይመሳሰላሉ፤ ትርጉማቸው ተቃራኒ፣ ዝምድናቸው ምንም።

ስለዚህ አንድ ጥንድ ብቻ መመሳሰሉን አትመኑ። ያው የድምፅ ለውጥ በሌሎች ሁለት ሦስት ቃላት ላይ ካልታየ ግምቱን በጥያቄ ምልክት አስቀምጡት።

ደረጃ 7፦ መዝገቡን መሙላት

ለየቋንቋው አንድ መስመር ይበቃል፦ ቃሉ፣ ውርስ ወይም ውሰት፣ ከየት፣ በግምት መቼ፣ የዛሬ ትርጉም። ለፈረንሳይኛ ትሬዞር የተባለው መዝገበ ቃላት በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ለጀርመንኛ የዲ ደብሊው ዲ ኤስ ድረ ገጽ፣ ለሮማንኛ ዴክስ ኦንላይን፣ ለጣሊያንኛ ትሬካኒ። እዚያ በቃል ፊት ኮከብ ካያችሁ በጽሑፍ አልተገኘም፣ ምሁራን ያሰሉት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ዓመትም ቃሉ የተጻፈበት እንጂ የተወለደበት አይደለም፤ ሰዎች ሳይጽፉት መቶ ዓመት ሊናገሩት ይችላሉ።

ለልምምድ «ፍሪጊዱም» (ቀዝቃዛ) ይመቻል፤ በጣሊያንኛ «ፍሬዶ»፣ በስፓኒሽ «ፍሪዮ»፣ በፈረንሳይኛ «ፍሯ» ሆኗል። ፈረንሳይኛ «ፍሪዢድ» የሚልም አለው። «ድ»ዋ እስከ ዛሬ በአፍ ትሰማለች፣ ከፊቷ ያለው ተነባቢም አልጠፋም፤ እንግዲህ የትኛው ከእናት የተወረሰ፣ የትኛው ከመጽሐፍ የተቀዳ እንደሆነ ደረጃ 3ን ይዛችሁ ፍረዱ። ትርጉም ሲገለበጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ «ኔስኪዩስ»ን ይያዝ፤ በላቲን «የማያውቅ»፣ በስፓኒሽ «ኔስዮ» ሆኖ ጅል፣ በድሮው ፈረንሳይኛም ጅል፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ግን ዛሬ «ናይስ» (ደስ የሚል) የተባለው እሱ ነው።